የተቆለፈው ቁም ሣጥንና የቤተ መጻሕፍት ሙያ ፈር ቀዳጆች

የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት በኃላፊነት የያዘ መምህር ሁሉ ሁለት ግዴታዎች በአንድ ትከሻ ላይ እንደሚጫኑበት ያውቃል። አንደኛው መጻሕፍቱን ለተማሪዎች ማድረስ ሲሆን፣ ሁለተኛው በሞዴል 19 ተቆጥረው የተረከባቸውን መጻሕፍት የርክክብ ጊዜ ሲደርስ አንድም ሳይጎድል ማስረከብ ነው። የመጀመሪያውን ግዴታ ቢያጓድል የሚጠይቀው እምብዛም የለም፤ ሁለተኛውን ቢያጓድል ግን የጎደለው መጽሐፍ ዋጋ ከደመወዙ ሊቆረጥ ይችላል። እንግዲህ ቁም ሣጥኑ ቢቆለፍና ቁልፉ በመምህሩ ኪስ ቢከርም ምን ያስደንቃል? የዚህ ጽሑፍ አቅራቢም በአንድ ወቅት እንዲህ ያለውን ቁልፍ ይዞ የዞረ ስለሆነ፣ ቆላፊዎቹን ለመውቀስ አፍ አይኖረውም።

ይህ ችግር በእኛ አገር የተጀመረ ወይም በእኛ አገር ብቻ የሚገኝ አይደለም። የቤተ መጻሕፍት ሳይንስ ሲባል ካታሎግ ማዘጋጀትና በመጽሐፍ ጀርባ ላይ ቁጥር መለጠፍ ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ይሁን እንጂ የሙያውን መሥራቾች ታሪክ ቀረብ ብሎ ለሚመረምር፣ ከካታሎጉም ከቁጥሩም በስተጀርባ ያለው ጥያቄ አንድ ሆኖ ይገኛል፤ ይኸውም መጽሐፉ ለጠባቂው ነው ወይስ ለአንባቢው? የሚል ነው። ከዚህ በታች የዚህን ጥያቄ ጉዞ በአራት ሰዎች ሥራ እንከታተላለን፤ ከአራቱም ይበልጥ የምንቆየው ከሕንዳዊው ራንጋናታን ዘንድ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

መጽሐፍን መቆለፍ በስስት የተጀመረ ልማድ አይደለም። ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ፣ ብርዕ ቀርጾ አንድ ትልቅ መጽሐፍ መጻፍ የብዙ ፍየሎችን ቆዳና የጸሐፊውን የብዙ ወራት ድካም ይጠይቅ ነበር። በገዳሞቻችንና በአድባራቱ መጻሕፍት በቆዳ ማኅደር ተከተው በዕቃ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ይቀመጡ የነበረው፣ ቄሰ ገበዙም በኃላፊነት ይጠብቃቸው የነበረው በዚህ ምክንያት ነው። በብዙ የብራና መጻሕፍት ላይ የሰረቀውንና የፋቀውን የሚያወግዝ ግዝት ተጽፎ እናገኛለን፤ ግዝቱ ከቁልፍ ይልቅ ርካሽ፣ ምናልባትም ከቁልፍ ይልቅ የጠነከረ መከላከያ ነበር። በአውሮፓም መጽሐፉን ከመደርደሪያው ጋር በሰንሰለት ማሰር የተለመደ ነበር፤ በእንግሊዝ አገር በሄርፎርድ ካቴድራል እንዲህ የታሰሩ መጻሕፍት ከነመደርደሪያቸው እስከ ዛሬ ይታያሉ። በአሥራ አምስተኛው ምዕተ ዓመት የኅትመት መኪና ተሠርቶ የመጽሐፍ ዋጋ እየረከሰ ሲሄድ ሰንሰለቱ ቀስ በቀስ ወለቀ። የሰንሰለቱ አስተሳሰብ ግን ሳይወልቅ ቀረ። በአሜሪካ ስለ ነበረ አንድ የሃርቫርድ ቤተ መጻሕፍት ጠባቂ የሚነገር ወግ አለ፤ ሰውየው አንድ ቀን ፊቱ በርቶ ሲሄድ ያገኙት ሰዎች ምክንያቱን ቢጠይቁት፣ ከሁለት መጻሕፍት በቀር ሁሉም በቦታቸው መሆናቸውን፣ ሁለቱንም የወሰዳቸው ፕሮፌሰር አጋሲ ስለሆነ እነሱን ሊያመጣ መሄዱን ነገራቸው ይባላል።

በጠባቂነት ላይ ከተነሡት ሰዎች መካከል በመጀመሪያ የሚጠቀሰው አንቶኒዮ ፓኒዚ ነው። ፓኒዚ በ1797 በኢጣሊያ በብሬሼሎ ተወለደ፤ ሕግ ተማረ፤ በምሥጢር የፖለቲካ ማኅበር በመሳተፉ አገሩን ጥሎ ሸሽቶ በ1823 እንግሊዝ አገር ገባ። በሌለበትም የሞት ፍርድ ተፈረደበት። የትውልድ አገሩ ባለሥልጣኖች የፍርዱን ወጪ እንዲከፍል ሒሳብ ላኩበት የሚል ቀልድ መሰል ታሪክም ይነገራል። በሊቨርፑል ኢጣሊያንኛ በማስተማር ጥቂት ዓመታት ከቆየ በኋላ በ1831 በብሪቲሽ ሙዚየም ተቀጠረ፤ በ1837 የታተሙ መጻሕፍት ክፍል ኃላፊ ሆነ። ገና የበታች ሠራተኛ ሳለ በ1836 በፓርላማ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ የሰጠው ቃል በሙያው ታሪክ ውስጥ ከፍተኛ ቦታ አለው። ድኻው ተማሪ የዕውቀት ጥማቱን ለማርካት ከመንግሥቱ ባለጠጎች ጋር እኩል የመጻሕፍት ዕድል ሊኖረው ይገባል፣ ይህንንም የማሟላት ግዴታ የመንግሥት ነው የሚል ነበር የቃሉ ፍሬ ነገር።

ፓኒዚ ይህን አሳቡን ለመፈጸም የያዘው መሣሪያ ካታሎግ ነው። በ1841 የታተሙት 91 ደንቦቹ በዛሬ አንባቢ ዓይን ደረቅ ቢመስሉም፣ መነሻቸው ካታሎግ የጠባቂው የንብረት መዝገብ ሳይሆን የአንባቢው መንገድ መሪ ነው የሚል ነው። አንድ ደራሲ በሁለት ስም ቢጠራ፣ አንድ መጽሐፍ በአምስት ዓይነት እትም ቢወጣ፣ አንባቢው ሁሉንም በአንድ ቦታ ሊያገኛቸው ይገባል። ይህ ለእኛ ሩቅ ጉዳይ አይደለም። ሀዲስ አለማየሁን በ«ሀ» የሚመዘግብና በ«አ» የሚመዘግብ ሁለት ቤተ መጻሕፍት ቢኖሩ፣ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ፈልጎ ከአንዱ ወደ ሌላው የሄደ ተማሪ መጽሐፉ የለም ብሎ ይመለሳል። የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም በማይቆጠርበት አገር ደራሲው በራሱ ስም ሊመዘገብ እንደሚገባ ግልጽ ነው፤ በ1961 በፓሪስ የተደረገው ዓለም አቀፍ ጉባኤም የደራሲ ስም አመዘጋገብ የአገሩን ልማድ እንዲከተል ወስኗል። በ1857 የተከፈተው የሙዚየሙ ክብ የንባብ አዳራሽ የፓኒዚ አሳብ ውጤት ሲሆን፣ አንባቢው ማንንም ሳያስፈቅድ የሚያነሣቸው 20,000 ያህል የማመሳከሪያ መጻሕፍት በዙሪያው ተደርድረው ነበር። የቀሩት ግን ከግድግዳው በስተጀርባ ነበሩ፤ በትእዛዝ ካልሆነ አይወጡም።

ሁለተኛው ሰው ሜልቪል ዱዊ ነው። ዱዊ በ1851 በኒው ዮርክ ግዛት ተወልዶ፣ በአምኸርስት ኮሌጅ ተማሪ ሳለ በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ እየሠራ ይማር ነበር። በዚያን ጊዜ በብዙ ቦታ የመጽሐፍ ቁጥር የሚያመለክተው መጽሐፉ የተቀመጠበትን ክፍል፣ መደርደሪያና ተራ ነበር። አዲስ መጻሕፍት መጥተው መደርደሪያው ሲሞላ ሁሉንም እንደገና መቁጠር ግድ ይሆናል። ዱዊ በ1873 አንድ እሑድ ረጅም ስብከት እየሰማ ሳለ መፍትሔው እንደታየው ራሱ ጽፏል (ስብከቱ ስለምን እንደነበር አልነገረንም)። መፍትሔው ቁጥሩን ከመደርደሪያው ላይ አንሥቶ ለመጽሐፉ ጉዳይ መስጠት ነው። ዕውቀትን በዐሥር ክፍል፣ እያንዳንዱን ክፍል እንደገና በዐሥር እየከፈለ በአስርዮሽ አስቀመጠው። መጽሐፉ የትም ይቀመጥ የት፣ ጎረቤቱ የዚያው ጉዳይ መጽሐፍ ይሆናል። በ1876 ያለ ደራሲ ስም ያሳተመው የመጀመሪያው እትም 44 ገጽ ብቻ ያለው ቀጭን ጥራዝ ነበር። በዚያው ዓመት የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር ሲቋቋም ከዋናዎቹ አንዱ እሱ ነው። በ1887 ደግሞ በኮሎምቢያ ኮሌጅ የመጀመሪያውን የቤተ መጻሕፍት ሙያ ትምህርት ቤት ከፈተ። ከ20ዎቹ ተማሪዎች 17ቱ ሴቶች በመሆናቸው የኮሌጁ አስተዳዳሪዎች ተቃወሙት፤ በ1889 ትምህርት ቤቱ ወደ አልባኒ ተዛወረ።

የሰውየውን ስም በትምህርት ቤት የሚያስተምር ሁሉ ሌላውንም ወገን ማወቅ ይገባዋል። ዱዊ ያቋቋመው የመዝናኛ ክበብ አይሁዶችን አያስገባም ነበር፤ በዚህ በቀረበበት አቤቱታ ምክንያት በ1905 የኒው ዮርክ ግዛት ቤተ መጻሕፍት ኃላፊነቱን ለቀቀ። በሴቶች የሙያ ባልደረቦቹ ላይ ይፈጽም ስለነበረው ነውርም ክስ ተነሥቶበታል። ራሱ ያቋቋመው ማኅበር በስሙ ይሰጥ ከነበረው ሽልማት ላይ ስሙን ያነሣው በ2019 ነው።

አመዳደቡም ቢሆን የሠሪውን ሰፈር ይመስላል። ለቋንቋ ከተሰጠው 400 ውስጥ እንግሊዝኛ 420ን፣ ጀርመንኛ 430ን፣ ፈረንሳይኛ 440ን እያሉ የምዕራብ አውሮፓ ቋንቋዎችና ላቲንና ግሪክ እስከ 480 ያለውን ተካፍለው ሲያበቁ፣ የቀረው ዓለም በሙሉ በ490 ውስጥ ተጨናንቋል። አማርኛ ከነጥቡ 492.87 ሆኗል። በሃይማኖት ክፍልም አብዛኛው ቁጥር ለክርስትና ተሰጥቶ እስልምና በ297 ተወስኗል። በብዙ ትምህርት ቤቶቻችን ይህ ቁጥር ይሠራበታል፤ እንዲጣል የምንመክርም አይደለንም፤ ምክንያቱም በአንድ ዓይነት ቁጥር መሥራት ራሱ ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን አብዛኞቹ መጻሕፍቱ የአማርኛ፣ የኦሮምኛ ወይም የትግርኛ በሆኑበት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ሕፃኑ የገዛ ቋንቋውን ንባብ «ልዩ ልዩ» ከሚለው ጥግ እንዲፈልግ ማድረግ የቁጥሩን ጌታ እንጂ አንባቢውን ማገልገል አይደለም። የአካባቢውን ቋንቋ መጻሕፍት ለብቻ፣ በበሩ ፊት ለፊት መደርደር ማንኛውንም ደንብ አይሽርም።

ዱዊ መጻሕፍቱን በጉዳይ ጎረቤታማቾች ሲያደርጋቸው ሳያስበው አንድ ነገር አመቻቸ፤ አንባቢው ራሱ ገብቶ ቢፈልግ የሚያገኘው ሥርዓት ተፈጠረ። ሆኖም ወዲያው አልተፈቀደለትም። በእንግሊዝ አገር የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አንባቢው ከባንኮኒ ወዲህ ቆሞ፣ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ቁጥሮች የተሰለፉበትን ሰሌዳ ይመለከት ነበር። የቁጥሩ ቀለም መጽሐፉ መኖሩን ወይም በውሰት መውጣቱን ያመለክታል። አንባቢው መጽሐፉን ሳይሆን ቁጥሩን ያነባል ማለት ነው። ይህን የናቀው ጄምስ ደፍ ብራውን በ1893 አሜሪካን ጎብኝቶ ከተመለሰ በኋላ፣ በ1894 በለንደን በክለርከንዌል የሚመራውን ቤተ መጻሕፍት ከፍቶ አንባቢዎቹን ወደ መደርደሪያው አስገባ። መግቢያው አንድ፣ መውጫው ሌላ ሆኖ፣ በሁለቱም በኩል ሠራተኛ ይቆጣጠራል። ከሙያ ባልደረቦቹና ከሰሌዳው ሠሪዎች ከባድ ተቃውሞ ደረሰበት፤ መጻሕፍቱ ይሰረቃሉ፣ ይዘባረቃሉ ተባለ። ዛሬ ክፍት መደርደሪያ ያለበት ቤተ መጻሕፍት ሁሉ የሚሠራበት የአንድ በር ቁጥጥር በመሠረቱ የብራውን ዘዴ ነው።

አሁን ወደ ማድራስ እንሻገር። ሺያሊ ራማምሪታ ራንጋናታን በ1892 በደቡብ ሕንድ ተወለደ። የተማረውም ያስተማረውም ሒሳብ ነው። በጥር 1924 የማድራስ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሆኖ ሲሾም ስለ ሙያው የሚያውቀው ነገር አልነበረም። ጥቂት ቀናት እንደሠራ አንባቢ የማይመጣበት ቤት ብቸኝነት አስመረረው፤ ወደ ቀድሞ ኮሌጁ ሄዶ አስተማሪነቱን እንዲመልሱለት ለመነ። ርእሰ መምህሩም አንድ ነገር ጠየቀው፦ መጀመሪያ ለንደን ሄዶ ሙያውን ይማር፤ ተመልሶም ከሰለቸው ቦታው ይሰጠዋል።

ራንጋናታን በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ከበርዊክ ሴየርስ ዘንድ ተማረ፤ ከክፍሉ ይልቅ ያስተማሩት ግን የጎበኛቸው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ናቸው። ሠራተኛውም ሕፃኑም አሮጊቷም ወደ መደርደሪያው ገብተው መጽሐፍ ሲመርጡ አየ። የዱዊን አመዳደብ ግን ሲመረምረው አልረካም። አንድ ቀን በአንድ ትልቅ የለንደን መደብር ውስጥ ቀዳዳ ያላቸውን የብረት ቁራጮች በብሎን እያጋጠሙ የፈለጉትን የሚሠሩበትን የልጆች መጫወቻ ተመለከተ፤ ከጥቂት ቁራጮች ድልድይም፣ ጋሪም፣ ማንሻም ይሠራል። የመጽሐፍ ቁጥርስ ለምን እንዲህ አይገጣጠምም? በዚህ አሳብ ላይ ሠርቶ በ1933 ያሳተመው አመዳደብ፣ ቁራጮቹን የሚያገናኘው ሁለት ነጥብ ስለሆነ በዚያ ምልክት ስም ይጠራል።

ነገሩን በምሳሌ እናስረዳ። በከፋ በ1970ዎቹ የቡናን በሽታ ስለመከላከል የተጻፈ መጽሐፍ ቢኖር፣ ዱዊ አስቀድሞ በተሠራ መሰላል እየወረደ ለመጽሐፉ የሚቀርበውን እርከን ይፈልጋል። ራንጋናታን ግን ይበትነዋል፦ ቡና፣ በሽታ፣ መከላከል፣ ከፋ፣ 1970ዎቹ። እያንዳንዱ ምልክት አለው፤ ምልክቶቹ ተጋጥመው የመጽሐፉን ቁጥር ይሠራሉ። በኋላ እነዚህን ገጽታዎች አካል፣ ቁስ፣ ተግባር፣ ቦታና ጊዜ ብሎ በአምስት መደባቸው። ዘዴው ከሕንድ ውጭ ባሉ ቤተ መጻሕፍት ብዙ አልተሠራበትም፤ ቁጥሩ ይረዝማል፣ ለመጽሐፍ ጀርባም አይመችም፤ ለትምህርት ቤት ያቅርበው የሚል ሰው ቢመጣ በበኩላችን አንቀበለውም። አሳቡ ግን ሰፊ መንገድ ሄዷል። በ1952 በለንደን የተቋቋመው የአመዳደብ ምርምር ቡድን መሠረቱ ያደረገው ይህንኑ አሳብ ነው።

ለመምህራን ከአመዳደቡ ይልቅ የሚጠቅመው በ1931 ያሳተመው ስለ አምስቱ የቤተ መጻሕፍት ሕግጋት የሚናገረው መጽሐፉ ነው። መጽሐፍ የተሠራው ሊሠሩበት መሆኑን፣ ለእያንዳንዱ አንባቢ የእሱ የሆነ መጽሐፍ እንዳለው፣ ለእያንዳንዱም መጽሐፍ አንባቢ እንዳለው፣ የአንባቢ ጊዜ ሊቆጠብለት እንደሚገባ፣ በመጨረሻም ቤተ መጻሕፍት እያደገ የሚሄድ ሕያው አካል መሆኑን ይገልጻሉ። ማንም ሊናገራቸው የሚችሉ ቀላል ቃላት ናቸው ያለ ሰው አልተሳሳተም። የሒሳብ መምህሩ ሥራ ግን ከዚያ በኋላ ይጀምራል፤ እያንዳንዱን ሕግ እንደ መነሻ ወስዶ የሚያስከትለውን እስከ መጨረሻው ያወጣል። መጽሐፍ ለሥራ ከሆነ ቤተ መጻሕፍቱ ሰው በሚያልፍበት ቦታ ይሠራ፤ አንባቢ ነፃ በሚሆንበት ሰዓት ይከፈት፤ የመደርደሪያውም ቁመት መካከለኛ ቁመት ያለው ሰው ወለል ላይ ቆሞ እጁ ከሚደርስበት አይለፍ ይላል። ይህችን የመጨረሻዋን ለትምህርት ቤት አናጢ መንገር ወጪ የላትም፤ ሆኖም የሦስተኛ ክፍል ተማሪ በወንበር ላይ ቆሞ እንኳ የማይደርስበት መደርደሪያ ስንት ትምህርት ቤት ውስጥ እናያለን? መጽሐፍ ሁሉ አንባቢ አለው የሚለው ሦስተኛው ሕግም ወደ ክፍት መደርደሪያ ይመራል፤ አንባቢ ያላወቀውን መጽሐፍ በስሙ ጠርቶ ሊያዝ አይችልምና።

ራንጋናታን በወረቀት ላይ ብቻ አልቀረም። በ1928 የተቋቋመውን የማድራስ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር በጸሐፊነት መራ። በ1931 በማናርጉዲ አካባቢ መጻሕፍት የጫነና በበሬ የሚጎተት ጋሪ ከመንደር መንደር መዞር ጀመረ፤ ከብዙ ዓመታት በኋላ በአገራችን በሐዋሳ አካባቢ በአህያ የሚጎተት የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ሲታይ ይህን ያስታወሰ የሙያ ሰው ሳይኖር አይቀርም። ለዕቅድ አውጪዎች ደግሞ የ1948ቱ የማድራስ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሕግ ትምህርት ይሰጣል። ራንጋናታን ለብዙ ዓመታት የታገለለት ይህ ሕግ በቤትና በንብረት ግብር ላይ ለቤተ መጻሕፍት ብቻ የሚውል ተጨማሪ መዋጮ ደነገገ። የመጽሐፍ መግዣ ከዓመቱ በጀት ፍርፋሪ መጠበቁ በዚያ ቀረ። ሰውየው ራሱ በ1956 ካጠራቀመው ገንዘብ 100,000 ሩፒ ለማድራስ ዩኒቨርሲቲ የቤተ መጻሕፍት ሳይንስ ፕሮፌሰርነት ማቋቋሚያ ሰጠ፤ ወንበሩም በባለቤቱ በሳራዳ ስም ተሰየመ። በ1962 በባንጋሎር የዶክሜንቴሽን ምርምርና ማሠልጠኛ ማዕከል አቋቁሞ፣ በ1972 እስካረፈበት ጊዜ ድረስ በዚያው ሠራ።

ይህ ሁሉ ሆኖ የመምህሩ ኪስ ጉዳይ ገና አልተፈታም። ክፍት መደርደሪያ ያለ መጽሐፍ መጥፋት አይኖርም፤ ብራውንም ራንጋናታንም አይጠፋም ብለው አልተከራከሩም። የሚጠፋው ከሚነበበው ጋር ይመዘን ነው ያሉት። ይህ ምዘና በደንብ ካልተጻፈ ግን ጉዳቱ በቆላፊው ሳይሆን በከፋቹ ላይ ይወድቃል። በዚህ ረገድ የሕንድ መንግሥት አጠቃላይ የፋይናንስ ደንብ፣ በ2005ም ሆነ በ2017 በወጣው፣ ግልጽ የሆነ መመሪያ አለው። በዓመቱ ውስጥ ለአንባቢ ከተሰጡ ወይም ከተገለገሉባቸው 1000 ጥራዞች አምስት ቢጠፉ፣ በእምነት ማጉደል ወይም በቸልተኝነት እስካልሆነ ድረስ፣ እንደ ተገቢ ጉድለት ይቆጠራል። ዋጋው ከ1000 ሩፒ የሚበልጥ ወይም ብርቅ የሆነ መጽሐፍ ሲጠፋ ግን ሁልጊዜ ይመረመራል።

የንብረት አያያዝ መመሪያ የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች በዚህ ደንብ ውስጥ ሊያስተውሉት የሚገባው አምስት የሚለውን ቁጥር አይደለም፤ ቁጥሩ እንደየአገሩ ሊሰፋም ሊጠብም ይችላል። ዋናው ነገር መለኪያው በመደርደሪያ ላይ ያለው መጽሐፍ ብዛት ሳይሆን ወደ አንባቢ የወጣው መሆኑ ነው። ስለሆነም እያንዳንዱን ውሰት መመዝገብ ለኃላፊው የራሱ መከላከያ ይሆንለታል። በዚህ ሒሳብ በዓመት 2000 ጊዜ መጽሐፍ ያዋሰ ትምህርት ቤት ዐሥር መጻሕፍት ቢጎድሉበት ኃላፊው አይጠየቅም። ቁም ሣጥኑን ቆልፎ በዓመት 50 ጊዜ ብቻ ያዋሰው ትምህርት ቤት ግን የሚፈቀድለት የአንድ መጽሐፍ ሩብ ነው።